ደወሉ ይጩህ፣ ሣጥኑ ዝም ይበል

ስልኩ ታጥቦና ተወልውሎ መስታወት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ሽፋኑ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የተበጣጠሰው ገመድ ተተክቷል፤ ጣት ተከትቶበት የሚዞረው የቁጥር ዲስክም ከዓመታት እድፍ ጸድቶ ያለ እንከን ይመለሳል። የቀረው መሞከር ብቻ ነው። ባለቤቱ ከሞባይሉ ይደውላል። የሚሰማው ግን የጠበቀው ጥርት ያለ ጥሪ አይደለም። ሳንቲም የተከተተበት ጣሳ የሚያናውጡ ይመስላል። ሽፋኑ ይንጫጫል፣ እጀታው ማረፊያው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስልኩም ራሱ በመስታወቱ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ይሳባል።

አሮጌ ስልክ ማደስ የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ገጥሞታል። መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው መፍትሔም አንድ ዓይነት ነው፤ ደወሉ ውስጥ ጥጥ መወተፍ ወይም ፕላስተር መለጠፍ። እንዲህ ሲያደርግ መንጫጫቱ በርግጥ ይቀንሳል፤ ጥሪውም አብሮ ይሞታል። የቀረው ድምፅ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ከሌላ ክፍል የሚጮህ ስልክ ይመስላል።

ስህተቱ ንዝረትን በጅምላ እንደ ጠላት መቁጠሩ ነው። ደወል የተሠራው ሊነዝር ነው። ንዝረቱ ደወሉ ላይ እስካለ ድረስ ሙዚቃ ነው፤ ወደ ስልኩ የታችኛው ላሜራ፣ ወደ ሽፋኑና ወደ ጠረጴዛው ሲያመልጥ ነው ጫጫታ የሚሆነው። ስለዚህ የአዳሹ ሥራ ማፈን ሳይሆን ማገድ ነው። ንዝረቱ ከደወሉ አልፎ የሚሄድበትን መንገድ ፈልጎ መዝጋት አለበት።

ደወሉ ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበ ጊዜ ስልክ ደወል የሚባል ነገር አልነበረውም። በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰው ለመጥራት የሚደውለው ሰው ወደ መነጋገሪያው ይጮኽ ነበር፤ አለዚያም የመነጋገሪያውን ስስ ብረት በእርሳስ ጫፍ ይቆረቁራል። የሚሰማው ሰው ከስልኩ አጠገብ ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ነው። የቤል ረዳት የነበረው ቶማስ ዋትሰን ለዚህ መላ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ ስሱን ብረት የሚመታ ትንሽ መዶሻ ሠራ፤ ቀጥሎ ጆሮ የሚሰቀጥጥ ማንጫጫ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1878 ግን ማግኔት፣ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎችና በሁለት የደወል ቆቦች መካከል የሚወዛወዝ መምቻ ያለውን ደወል አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ የመጡት የስልክ ደወሎች ከሞላ ጎደል የዚህ ልጆች ናቸው።

ለብዙ ዓመታት የጠረጴዛ ስልክና ደወሉ የሚኖሩት ለየብቻ ነበር። እንደ ሻማ መቅረዝ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የድሮ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ደወሉ ግድግዳ ላይ በተመታ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገመድ ብቻ ነው። ሣጥኑ ቢንቀጠቀጥም ግድግዳው ይሸከመዋል እንጂ የሚነጋገረውን ሰው አያውከውም።

ይህ አኗኗር በአሜሪካ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። የአሜሪካው ግዙፍ የስልክ ድርጅት የቤል ሲስተም ፋብሪካ የነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ሞዴል 302 የተባለውን ስልክ ሲያወጣ ደወሉን ከግድግዳ አውርዶ በእጀታው ሥር፣ በዚያው ሽፋን ውስጥ አስገባው። የውጭ ቅርጹን የነደፈው ሄንሪ ድሬይፈስ ነው። የመጀመሪያዎቹ 302ዎች ሽፋናቸው ከቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የተፈሰሰ ከባድ ብረት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብረት ሲወደድ ወደ ፕላስቲክ ተዛወሩ። ድሬይፈስ ከዚያም ሞዴል 500ን ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለሙከራ ወጥቶ ከ1950 ጀምሮ የተሰራጨው ይህ ስልክ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ቤቶችና ቢሮዎች ከዳር እስከ ዳር ነገሠ። ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ገበያ በብዛት የሚገኘውም፣ ጀማሪ አዳሾች እጃቸውን የሚያፍታቱበትም እሱ ነው።

ደወሉ ወደ ጠረጴዛ መውጣቱ ለተጠቃሚው ምቾት ነበር፤ ለመሐንዲሶቹ ግን አዲስ ራስ ምታት ሆነ። መዶሻ የሚያወዛውዝ ማሽን ብዙ ብሎንና ስስ ሽፋን ባለበት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ሣጥኑን ሁሉ ማንቀጥቀጡ አይቀርም።

በደቂቃ ስምንት መቶ ምት

ማንም ሳይደውል ስልኩ ጸጥ ብሎ በተቀመጠበት ሰዓት በመስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይጠብቃል። ጥሪ ሲመጣ የስልክ ጣቢያው በዚያ ላይ አቅጣጫውን የሚቀያይር ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይልካል። በአሜሪካ ይህ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 20 ዙር ይመላለሳል፤ በእንግሊዝና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ 25።

ከደወሉ ፊት ያለው ካፓሲተር ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ያግድና ተመላላሹን ብቻ ያሳልፋል። ተመላላሹ በሁለቱ ጥቅልሎች ሲያልፍ በማግኔቱ የተያዘችውን ትንሽ ብረት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይስባታል። በእሷ ጫፍ ያለው መምቻ የተደፋ ስኒ የሚመስሉትን ሁለት ቆቦች በየተራ ይመታል። በአንድ ዙር ግራውን አንዴ፣ ቀኙን አንዴ ስለሚመታ በሰከንድ 40 ምት ይሆናል። የአሜሪካ ጥሪ ሁለት ሰከንድ ጮኾ አራት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጩኸት 80፣ በደቂቃ ደግሞ 800 ምት ያርፋል። የእንግሊዝ ስልክ አጠር አጠር ያሉ ሁለት ጩኸቶችን አከታትሎ ሁለት ሰከንድ ያርፋል። አንድ ሰው የውጭ ፊልም ሲያይ ስልኩ የየት አገር እንደሆነ በጆሮው ብቻ የሚለየው በዚህ ነው።

በመምቻው አጠገብ አንዲት ቀጭን ሞላ አለች። ሥራዋ መምቻውን ወደ አንድ ወገን ሳብ አድርጎ መያዝ ነው። እሷ ባትኖር ቁጥር በተዞረ ቁጥር በመስመሩ የሚያልፈው መቆራረጥ ደወሉን ጫፍ ጫፉን እየነካ «ጭል ጭል» ያሰኘው ነበር። ይህች ሞላ በአዳሹ ሥራ ውስጥ ኋላ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

የገዳሙ ድንጋይ የሚያስተምረው

በጣና ደሴቶችና በሌሎች የኢትዮጵያ ገዳማት የድንጋይ ደወል ያየ ሰው የአዳሹን ሥራ ግማሽ ተረድቷል። ረዘም ያሉት ጠፍጣፋ ድንጋዮች መሬት ላይ አይቀመጡም፤ በገመድ ታስረው ከእንጨት ላይ ይንጠለጠላሉ። ያው ድንጋይ መሬት ላይ ተጋድሞ ቢመታ «ድም» ብሎ ይቀራል፤ በገመድ ሲንጠለጠል ግን መረዋ ይሆናል። ገመዱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ድንጋዩ በነጻነት እንዲነዝር ይፈቅድለታል፤ ንዝረቱም ወደ እንጨቱ እንዳይሸሽ ይከለክላል።

በሞዴል 500 ውስጥ የገመዱን ሥራ የሚሠራው ጎማ ነው። ጥቅልሉ፣ መምቻውና ሁለቱ ቆቦች በአንድ የብረት አካል ላይ አንድ ላይ ታስረዋል። ያ አካል ከስልኩ የታችኛው ላሜራ ጋር የሚገናኘው ብረት ለብረት ሳይሆን በትንንሽ የጎማ ቀለበቶች በኩል ነው። የመኪና ሞተር ከሻሲው ጋር በጎማ ትራስ እንደሚያዝ ማለት ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ተሳፋሪው ግን ጥርሱ አይንገጫገጭም።

ጎማው ምን ያህል ሊያግድ እንደሚችል የፊዚክስ ሕግ አለው። በጎማ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ቢገፉት በራሱ ፍጥነት የሚወዛወዝበት አንድ ልክ አለ። ከዚያ ልክ 1.4 ጊዜ ገደማ በላይ የሆነ ንዝረት ሲመጣ ጎማው ማገድ ይጀምራል፤ ከፍ ባለ ቁጥርም እገዳው ይበረታል። ከዚያ በታች ያለውን ግን ያሳልፈዋል፤ ሁለቱ ከገጠሙ ጭራሽ ያጎላዋል። ስለዚህ የመምቻውን ዝግተኛ ውዝዋዜ ትንሽ ጎማ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የሚያግደው ከዚያ በላይ ያለውን፣ ሽፋኑንና ብሎኖቹን የሚያንጫጫውን ፈጣን ንዝረት ነው። ጆሮን የሚያውከውም ይኸው ነው።

ችግሩ ጎማ እንደ ብረት ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ከአየርና ከሙቀት ጋር ሃምሳና ስድሳ ዓመት የኖረ ጎማ ወይ እንደ ቀንድ ይደርቃል፣ ወይ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። የደረቀው ለንዝረት ድልድይ ይሆናል። የቀለጠው ደግሞ ደወሉን ያስቀምጠዋል፤ ብረቱ ላሜራው ላይ ያርፋል። በሁለቱም መንገድ የገዳሙ ድንጋይ ከገመዱ ወርዶ መሬት ነክቷል።

ከሽፋኑ ሥር

የሚታደሰው ስልክ ሞዴል 500 ነው እንበል። ሥራው የሚጀምረው ገመዱን ከመስመሩ በመንቀል ነው። የጥሪው 90 ቮልት ሲመጣ ያገኘውን ጣት ክፉኛ ያስደነግጣል፤ መቼ እንደሚመጣም አያስታውቅም።

ቀጥሎ በሥሩ ያሉት ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ይላላሉ፤ ሽፋኑም ይነሳል። ስልኩ ሽፋኑን ሳይለብስ፣ እጀታው የሚጫነው ማብሪያ በደረቅ እንጨት ወደ ታች ተይዞ፣ እንደገና ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ ሌላ ሰው ይደውልለታል። እዚህ ላይ ጆሮ ይፈርዳል። ሽፋኑ ሲነሳ ድምፁ ጥርት ካለ ጥፋቱ ያለው ሽፋኑ ላይ ወይም አገጣጠሙ ላይ ነው። ያለ ሽፋንም የሚንጫጫ ከሆነ ፍለጋው ወደ ደወሉና ወደ ላሜራው ይወርዳል።

ደወሉ እየጮኸ ሳለ አዳሹ ደረቅ እንጨት ወይም የፕላስቲክ እስክሪብቶ ይዞ የሚጠረጥራቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ ጫን ያደርጋል። በጣቱ አይሞክርም፤ ሽፋን የሌላቸው ብሎኖች ኤሌክትሪክ ተሸክመዋል። ሲጫኑት ጫጫታው ቀጥ የሚለው ክፍል ተጠያቂ ነው። ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው ከደወሉ ራቅ ብሎ ይገኛል። በቁጥር ዲስኩ መሐል ያለውን ወረቀት የምትሸፍነው ቀጭን ፕላስቲክ፣ የላላ ብሎን፣ በደንብ ያልተቀመጠ እጀታ፣ ወይም ከቦታው ተንሸራቶ የቆቡን ጠርዝ የነካ አንድ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ከሆነ መድኃኒቱ በፒንሳ ቀስ ብሎ መመለስ ነው፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ቀጥሎ ተራው የጎማዎቹ ነው። የደወሉ አካል ከላሜራው ሲፈታ የደረቁት ቀለበቶች ይሰባበራሉ፤ የቀለጡትም በእንጨት ስንጥር ተፍቀው ይወጣሉ። በአንዳንዶቹ ቀለበቶች መሐል ትንሽ የብረት ቱቦ ካለች መጣል የለባትም። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦዋ ላይ ይቆማል፤ ጎማውም ሳይጨፈለቅ ይተርፋል። ቱቦዋ ከጠፋች ወይም ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ አዲሱ ጎማ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ አሮጌው ደድሮ ንዝረቱን ያሳልፋል። ብዙ ጀማሪዎች ጎማ ለውጠው ምንም ለውጥ የማይሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ምትኩ ጎማ መጠኑ ብቻ መግጠሙ አይበቃም፤ ለስላሳ መሆን አለበት። የተፈጥሮ ጎማ በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ኦዞንን ይቋቋማል፤ ዘይት ግን አይወድም። ስለዚህ የመምቻውን መወዛወዣ ዘይት የሚቀባ ሰው ጠብታው ወደ ጎማው እንዳይወርድ ይጠንቀቅ።

ይህ ዘዴ ለስልክ ሁሉ እንደማይሠራ ማወቅም ያስፈልጋል። በሞዴል 500 ቆቦቹና መምቻው በአንድ አካል ላይ ስለታሰሩ ያ አካል ጎማ ላይ ቢንሳፈፍም በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ቆቦቹ በቀጥታ ላሜራው ላይ፣ ጥቅልሉ ደግሞ ለብቻው በታሰረበት ስልክ ግን ጥቅልሉን ብቻ ጎማ ላይ ማስቀመጥ መምቻውን ከቆቦቹ ጋር ያጣላዋል። እዚያ ጎማ የሚገባው ከላሜራው በታች፣ በእግሮቹ ላይ ነው።

የወረቀት ያህል ክፍተት

ከጎማው ቀጥሎ ድምፁን የሚወስነው በመምቻውና በቆቡ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አዳሹ ስልኩን ከመስመሩ ነቅሎ መምቻ የያዘችውን ብረት ወደ አንድ ወገን እስከ መጨረሻዋ ገፍቶ ይይዛታል። በዚህ ጊዜ መምቻው ቆቡን መንካት የለበትም፤ ወፍራም ወረቀት የምታልፍበት ያህል ቀዳዳ መቅረት አለበት። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ታዲያ በምን ይመታል? ኤሌክትሪኩ ሲወረውረው የመምቻው ዘንግ በፍጥነቱ ትንሽ ይለመጥና ያቺን ክፍተት አልፎ ይመታል፤ ወዲያውም ይመለሳል። ከበሮ መቺ መዳፉን ቆዳው ላይ እንደማያስቀምጠው ሁሉ፣ መምቻውም መትቶ መሸሽ አለበት።

ክፍተቱ ከጠፋ መምቻው ቆቡ ላይ እየተደገፈ ያፍነዋል፤ «ክርርር» የሚል ደረቅ ድምፅ ይወጣል። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ አንዱ ቆብ ዝም ይላል፤ ጥሪውም አንድ እግሩን እንዳጣ ሰው ያነክሳል። በብዙ አሮጌ ስልኮች የቆቡ ቀዳዳ ሆን ተብሎ ከመሐሉ ፈቀቅ ተደርጎ የተበሳ ነው። ብሎኑን አላልቶ ቆቡን ጥቂት ማዞር ጠርዙን ወደ መምቻው ያስጠጋል ወይም ያርቃል። በሞዴል 500 ደግሞ በሥሩ በኩል የምትታይ ባለ ጥርስ መዘውር አለች፤ አንዱን ቆብ እያስጠጋችና እያራቀች ድምፁን ታሳንሳለች፣ ታጎላለች። ስልክ የሚያስጨንቀው ሰው ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት እሷን ይሞክር።

የስልኩ እግሮችም መዘንጋት የለባቸውም። ክራር የሚደረድር ሰው እንደሚያውቀው ክሩ ብቻውን ብዙም አይጮኽም፤ የሚያጎላው ቆዳ የለበሰው ገበቴ ነው። እግሩ የደረቀ ወይም የወደቀ ስልክ በስስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ገበቴ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የስልክ ጫጫታ ተብሎ የሚታማው በእውነቱ የጠረጴዛው ጫጫታ ነው። በእግሮቹ ላይ አዲስ ለስላሳ ጎማ ወይም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ መለጠፍ ርካሹ ጥገና ነው፤ ስልኩ እየተሳበ ከመውደቁም ያድነዋል።

ጥፋቱ ከብረት ካልሆነ

ሁሉም ጠብቆና ተለክቶ ደወሉ አሁንም ከማንባረቅ ይልቅ የሚያጉረመርም ከሆነ ዓይን ወደ ኤሌክትሪኩ መዞር አለበት።

በአሜሪካ ገጠር ብዙ ቤተሰቦች አንድ የስልክ መስመር ይጋሩ ነበር። የአንዱ ጥሪ የሌላውን እንዳይቀሰቅስ አንዳንድ ኩባንያዎች ለየቤቱ የተለያየ ልክ ያለው ደወል ሰጡ። አንዱ በሰከንድ 30 ዙር ብቻ ይነቃል፣ ሌላው በ40፣ ሌላው በ50። እንዲህ ያለው ደወል ዛሬ በ20 ዙር መስመር ላይ ሲገጠም ቢስተካከል ቢጸዳ በቅጡ አይጮኽም፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ። መምቻው በራሱ ልክ ካልሆነ በቀር በሙሉ ኃይሉ አይወዛወዝም። መድኃኒቱ ደወሉን መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌ ስልክ የሚገዛ ሰው ደወሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ቢገዛ ይመረጣል።

ሌላው ምክንያት አዲሱ ዘመን ያመጣው ነው። የመዳብ መስመር በየአገሩ እየተዘጋ ነው፤ እንግሊዝ የድሮውን የስልክ አውታር ለመዝጋት የያዘችው ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2027 ነው። በዚህ የተነሳ አሮጌ ስልኮች የሚገናኙት ጥሪን ከኢንተርኔት በምትቀበል ትንሽ አዳፕተር በኩል እየሆነ መጥቷል። አንዳንዶቹ አዳፕተሮች የሚልኩት የጥሪ ኤሌክትሪክ ከስልክ ጣቢያው ያነሰ ነው። መምቻው በግማሽ ጉልበት ሲሠራ ቆቡን በመምታት ፋንታ ይዳብሰዋል። ለአሜሪካ ስልክ 25፣ ለእንግሊዝ ስልክ 20 ዙር ተሞልቶበትም ሊሆን ይችላል፤ ይህ በብዙዎቹ አዳፕተሮች ማስተካከያ ውስጥ የሚለወጥ ነገር ነው። የደወል ሸክም የሚለካበት አሜሪካዊ መለኪያ አለ፤ የሞዴል 500 ደወል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በአንድ አዳፕተር ላይ ሦስትና አራት አሮጌ ስልክ የደረደረ ሰው ሁሉም ሲያጉረመርሙ ቢሰማ አይገረም።

ጭራሽ ለማይጮኽ ስልክም አንድ የታወቀ ምክንያት አለ። የሞዴል 500 ደወል አራት ሽቦዎች አሉት፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ግራጫና ቀይ መስመር ያለበት ግራጫ። መስመር በሚጋሩ ቤቶች ጥቁሩ ሽቦ «ጂ» በተባለው፣ ወደ መሬት በሚሄደው ብሎን ላይ ይታሰር ነበር። ዛሬ ያ መሬት የሚባለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ደወሉም ዝም ይላል። ጥቁሩን ሽቦ «ኤል 1» ወደተባለው ብሎን ማዛወር ብቻ ያስጮኸዋል።

ቁጥር ሲዞር «ጭል ጭል» የሚለው ደወል ደግሞ ወደዚያች ቀጭን ሞላ ይመልሰናል። ሞላዋ የምትታሰርባቸው ሁለት ቦታዎች አሏት፤ አንዱ ይበልጥ ይወጥራታል። ወደ ጠንካራው ማዛወር ጭልጭልታውን ያጠፋል። በአንዳንድ ስልኮች ደግሞ ወደ ደወሉ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል፤ ቁጥር ሲዞር የሚመጣው ግፊት መምቻውን ሞላዋ ወደምትስብበት ወገን ይገፋዋልና። ሞላዋን ያለ ልክ መወጠር ግን ደወሉን ያደክመዋል። ደካማ ኤሌክትሪክ በሚልክ አዳፕተር ላይ ጭራሽ ሊያስተኛው ይችላል።

ስልክ «መደወሉ» ያልቀረባቸው ቦታዎች

በሲያትል ከተማ ጆርጅታውን በተባለው ሰፈር ኮኔክሽንስ ሙዚየም የሚባል ቤት አለ። በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ የስልክ ማዞሪያ ማሽኖችን እየጠገኑ ያንቀሳቅሳሉ። ጎብኚ አንዱን አሮጌ ስልክ አንስቶ ቁጥር ሲያዞር ማሽኖቹ ፊቱ እየተንቀጫቀጩ ወደሌላኛው ስልክ መንገድ ይፈልጋሉ፤ በመጨረሻም ደወል ይመታል። እዚያ ያለው ጥሪ ከድምፅ ማጉያ የወጣ ቅጂ አይደለም፤ መዶሻ ብረት የመታበት ድምፅ ነው።

በአማርኛም ያ መዶሻ አልጠፋም። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው፤ መጥራቱን ደግሞ ከደወሉ ተነስተን «ደወለ» እንለዋለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የኢትዮጵያ ስልክ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ የዘረጋ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ለጥሪው ሽቦ አይፈልግም፤ ውስጡም ደወል የለም። ቃሉ ግን ሁለቱንም እንደያዘ ይኖራል።

በቤታቸው ቁምሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ የሚዞር ስልክ ያላቸው ሰዎች ስልኩን ሲፈቱ ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅማቸዋል። ሽፋኑ እንደተነሳ እያንዳንዱ ሽቦ የት ብሎን ላይ እንደታሰረ ፎቶ ያንሱ። የደወሉ ሞላ በየትኛው ቦታ ላይ እንደነበረች ይጻፉ፤ ጎማዎቹም ሲወጡ የብረት ቱቦዎቹን ለብቻ በብልቃጥ ያስቀምጡ። ምንም መለዋወጫ ከመግዛታቸው በፊት ደግሞ ስልኩን አራት ጊዜ የታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ያስደውሉት። ጫጫታው ፎጣው ላይ ከጠፋ የሚፈልጉት አራት አዲስ እግሮች ብቻ ናቸው።